አመሉ ሳይታወቅ የተፈረደበት ማሽን፦ የ1881ዱ የዋሽንግተን ፍተሻ

ኦገስት 1 ቀን 1881 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን፣ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት መኖሪያ ቤት፣ አንድ አዲስ መሣሪያ በቁስለኛ ሰው ገላ ላይ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር። ከመሣሪያው የወጣው ሽቦ ከስልክ ማዳመጫ ጋር ተያይዟል። ፍተሻውን የሚመራው የስልክ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። የሚፈለገው ደግሞ ከአንድ ወር በፊት በፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ጀርባ ገብቶ የቀረው ጥይት ነው። በቀኝ በኩል ደከም ያለ ድምፅ ተሰማ። ሐኪሞቹ ይህን ይዘው የጥይቱ ቦታ በበቂ እርግጠኝነት ታውቋል አሉ፤ ከእምብርት ወደ ታችና ወደ ቀኝ፣ አምስት ኢንች ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሆድ የፊት ግድግዳ ውስጥ።

ጥይቱ በግራ በኩል ነበር።

ይህ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው ስለ ሕክምና ስህተት ነው፤ እውነትም አለው። እዚህ ግን የምናየው በሜታል ዲቴክተር (በመሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት በሚፈልግ ማሽን) ተጠቃሚ ዓይን ነው። ማሽኑ ይሠራ ነበር። የሰማውም ድምፅ ከምንም የተነሣ አልነበረም። የጎደለው፣ ያ ድምፅ በዚያ ክፍልና በዚያ አልጋ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለመለየት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ዛሬ አዲስ ማሽን ከካርቶን አውጥቶ በማግስቱ «ይህ ማሽን አይረባም» ወይም «እዚህ ቦታ ምንም የለም» የሚል ሰው የሚሳሳተው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ የእርሱ ስህተት የሰው ሕይወት የማይነካ መሆኑ ብቻ ነው።

ከማሽኑ በፊት የተሰጠ መልስ

ጁላይ 2 ቀን ጠዋት ጋርፊልድ በዋሽንግተን የባልቲሞርና ፖቶማክ ባቡር ጣቢያ ሳሉ ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ሁለት ጊዜ ተኮሰባቸው። አንዱ ጥይት ክንዳቸውን ጭሮ አለፈ። ሌላው ከጀርባ በስተቀኝ ገብቶ እዚያው ቀረ። ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895 ነው፤ ስለዚህ ያኔ ጥይት የሚፈለገው ቁስሉን በጣትና በብረት ዘንግ በመጎርጎር ነበር። ሕክምናውን በበላይነት የያዘው ዶክተር ዊላርድ ብሊስ ጥይቱ በቀኝ በኩል ወደ ታች እንደወረደ ያምን ነበር።

ይህ እምነት የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ፈላጊው ማሽኑን ከማብራቱ በፊት መልሱን ነግረውታል። በሜዳም እንዲሁ ነው፤ «እዚህ ጋ አሮጌ ቤት ነበር» ተብሎ የተላከ ሰው፣ ማሽኑ የሚሰጠውን ማንኛውንም ጩኸት ከተነገረው ታሪክ ጋር ያገጣጥማል። ማሽኑን በደንብ የሚያውቅ ሰው እንኳ ይህን ለመቋቋም ይቸገራል። ገና ያልለመደ ሰው ከነጭራሹ አይችለውም፤ ድምፁን በራሱ ሚዛን የሚመዝንበት ልምድ ስለሌለው የሌላ ሰው ግምት ሚዛን ይሆነዋል።

ዝምታ የሚፈጥሩት ሁለት ኮይሎች

ቤልና ረዳቱ ቻርልስ ሰምነር ቴይንተር የተነሡት እንግሊዝ አገር ይሠራ ከነበረው ዴቪድ ሂዩዝ የኢንዳክሽን ሚዛን ነው። መሣሪያው በዛሬ ዓይን ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። ባትሪ አለ። ከባትሪው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ በፍጥነት እየቆረጠ የሚቀጥል ማቋረጫ አለ። የተቆራረጠው ኤሌክትሪክ በመጀመሪያው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ውስጥ ያልፋል፤ በዙሪያውም የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ሁለተኛው ኮይል ከስልክ ማዳመጫ ጋር ተያይዟል። ሁለቱ ኮይሎች ዝም ብለው ቢቀራረቡ ማዳመጫው ያለማቋረጥ ይጮኻል። አንዱን በሌላው ላይ በከፊል አደራርቦ ቀስ በቀስ ሲያንሸራትቱት ግን አንድ ነጥብ ይመጣል፤ በተደራረበው ክፍል የሚገባው መስክና ባልተደራረበው ክፍል የሚገባው መስክ ተቃራኒ ሆነው ይጣፋሉ፣ ድምፁም ይጠፋል። ብረት ሲቀርብ በብረቱ ውስጥ የሚዞር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እርሱ የራሱን መስክ ይፈጥራል፤ ሚዛኑ ይዛባል፣ ዝምታውም ይሰበራል።

ዛሬ ብዙ ማሽኖች ይዘውት የሚመጡት «ዲዲ» የሚባለው ኮይል ውስጡ ይኸው ነው። ሁለት የዲ ቅርጽ ያላቸው ጥቅሎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው መሐል ላይ በቀጭኑ ይደራረባሉ። የሚፈለገው ነገር በደንብ የሚሰማው በዚያች መሐል ባለችው ቀጭን መስመር ሥር ነው። ማሽኑ የሚሠራው የተፈጠረ ዝምታ ሲዛባ በማዳመጥ መሆኑን የተረዳ ሰው ብዙ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይገለጡለታል፦ ኮይሉ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ለምን እንደሚጮኽ፣ የኮይሉ ኬብል በዘንጉ ላይ ላልቶ ሲወዛወዝ ለምን የሐሰት ድምፅ እንደሚመጣ፣ ከቀዝቃዛ ቤት ወደ ጠራራ ፀሐይ የወጣ ማሽን ለምን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደማይረጋጋ። ኬብሉን ከኮይሉ አጠገብ ትንሽ ላላ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዘንጉ ላይ አጥብቆ መጠቅለል፣ ማሽኑንም ካበሩት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ውጭ አቆይቶ መጀመር ከዚህ የሚመነጭ ልማድ ነው።

የቤል መሣሪያ የማይናገረው ነገር ነበር። የሚሰጠው ድምፅ ጎላ ወይም ደከም ይላል፤ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አይገልጽም። የዛሬ ማሽን የተመለሰው ምልክት ከተላከው ምን ያህል እንደዘገየ ለክቶ ቁጥር ያወጣል። ያም ቁጥር ቢሆን የማሽኑ የራሱ ቋንቋ ነው። ሚንላብ ኢኩዊኖክስ 800 በሚባለው ማሽን ቁጥሩ ከ-9 እስከ 40 ይሄዳል፤ በሌሎች ማሽኖች እስከ 99 ይደርሳል። ለዓመታት በአንዱ የሠራ ሰው ወደ ሌላው ሲዞር ያው ሳንቲም ሌላ ቁጥርና ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣበታል። ልምድ ያለው ሰው በአዲስ ማሽን ላይ ከጀማሪ ይበልጥ የሚበሳጨውም ለዚህ ነው፤ ጆሮው የድሮውን ማሽን እየጠበቀ አዲሱን ይሰማል።

መልሱ የሚታወቅበት ሙከራ

ቤልና ቴይንተር ማሽኑን እንዲሁ ይዘው አልሄዱም፤ ይህን ለእነርሱ መመስከር ተገቢ ነው። በጥይት ደጋግመው ሞክረዋል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ ጥይት በገላቸው ይዘው የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች ላይም ሞክረው ድምፅ አግኝተዋል። ይህ ትክክለኛ አካሄድ ነው። አዲስ ማሽን የሚለመደው መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ቦታ ነው።

የሙከራው ጉድለት ቦታው ነው። ወታደሮቹ የተመረመሩት ፕሬዚዳንቱ በተኙበት አልጋ ላይ ተኝተው አይደለም። ማሽኑ ጥይት መስማት እንደሚችል ታውቋል፤ ከዚያ አልጋ በላይ ሲሆን ምን እንደሚሰማ ግን አልታወቀም። ዛሬም ብዙ ሰው አዲስ ማሽን እቤቱ ወለል ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ይሞክርና ተስፋ ይቆርጣል፤ ከሲሚንቶው ሥር የተዘረጋው ፌሮ መኖሩን አያስብም። ሙከራው በምስማር በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ከሆነም ያው ነው። የእጅ ሰዓትና ቀለበት ማውለቅ፣ ኮይሉን ብረት በሌለው የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ነገር ላይ ማጋደም፣ ሳንቲሙንም በእጅ ይዞ ከኮይሉ ፊት ማሳለፍ ይሻላል።

ከዚያ የሚቀጥለው ሥራ የመለማመጃ መደብ ማዘጋጀት ነው፤ እኛ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያድን ይህ ነው እንላለን። መጀመሪያ ቦታው በማሽኑ ተፈትሾ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ በአንድ ሜትር ልዩነት፣ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ ዓይነት ሳንቲም ይቀበር። በአምስተኛው ጉድጓድ በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያው ሳንቲም ይግባና ከጎኑ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት የዛገ ምስማር ይቀመጥ። ስድስተኛው የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ሰባተኛው የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት፣ ስምንተኛው ጥይት የሚሠራበት የእርሳስ ብረት (ሊድ) ቁራጭ ይሁን። ምልክቱ የእንጨት ችካል ይሁን እንጂ ምስማር አይሁን። አዲስ የተቆፈረ አፈር ከዓመታት ተኝቶ ከቆየው ጋር አንድ ስላልሆነ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገኘው ጥልቀት የመጨረሻ ፍርድ ተደርጎ አይወሰድ። ዝናብ መትቶት ከጠቀጠቀ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

በአንድ ወገን ብቻ የተያያዘው ኮንደንሰር

የመጀመሪያው ፍተሻ ጁላይ 26 ማታ ነበር፤ ጥይቱ ከተተኮሰ 24 ቀን በኋላ። ማዳመጫው ውስጥ የሚንቸለቸል፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምፅ ገባ። የመሣሪያው የመስማት ርቀትም በላቦራቶሪው ከነበረው አጠረ። ፍተሻው ያለ ውጤት አበቃ። በኋላ ሲመረመር፣ የመሣሪያውን አቅም እንዲያጠነክር የተጨመረው ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) በጥድፊያው ውስጥ በትክክል ሳይያያዝ፣ በአንድ ወገን ብቻ ተገናኝቶ ተገኘ።

ሽቦ መሳት በማንም ላይ ይደርሳል። የሚያስተምረው ግን፣ ስህተቱ ከመፈተሻው በፊት ሊታወቅበት ይችል የነበረው መንገድ ነው። ማሽኑ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሌላ ቤት ተገጥሟል። አዲስ ክፍል ታክሎበታል። በዚህ ሁኔታ ቀዳሚው ሥራ ቁስለኛውን መመርመር ሳይሆን የሚታወቅ ጥይት በሚታወቅ ርቀት ይዞ ማሽኑ የትናንቱን ያህል ይሰማ እንደሆነ ማየት ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

በሜዳ ላይ ይህን እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ሁልጊዜ አንድ ሳንቲም ኪስ ውስጥ ይያዝ፤ ሁልጊዜም ያው ሳንቲም። አዲስ ቦታ ሲደረስ ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ መሬት ላይ ይቀመጥና ኮይሉ ከላዩ እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ከፍ ይበል። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሳይሰማ የሚቀርበት ከፍታ በስንዝር ወይም በማስመሪያ ይለካና ይጻፍ። ለምሳሌ በለመዱት ቦታ 25 ሴንቲ ሜትር የነበረው ዛሬ 15 ከሆነ ፍተሻ አይጀመርም፤ ምክንያቱ ይፈለጋል። የኮይሉ መሰኪያ ላልቶ ይሆናል። ባትሪው ተዳክሞ ይሆናል። ከላይ የመብራት ገመድ ያልፍ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ኮይሉ ሳይንቀሳቀስም ማሽኑ ይለፈልፋል። መድኃኒቱ የማሽኑን የጩኸት ማስወገጃ ማስኬድ፣ የእጅ ስልክን ማጥፋት፣ ያም ካልበቃ ሴንሲቲቪቲውን (የማሽኑን የመስማት ንቃት) ሁለት ሦስት ደረጃ መቀነስ ነው።

ከኮንደንሰሩ የሚወጣ ሌላም ትምህርት አለ። አዲስ ማሽን የያዘ ሰው ድምፁ ሳይገባው ሲቀር እጁ ወደ ሴቲንጉ ይሮጣል፤ ሴንሲቲቪቲ ይጨምራል፣ ማጣሪያ (የማይፈለግ ብረት ድምፅ የሚያስቀረውን) ይለውጣል፣ የድምፅ ዓይነት ይቀይራል፣ ሦስቱንም ባንድ ላይ። ከዚያ ማሽኑ ሲሻሻልም ሲበላሽም የትኛው እንዳደረገው አይታወቅም። አንድ ሴቲንግ ብቻ ይነካ፤ ለውጡም በመለማመጃው መደብ ላይ ይታይ፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ነገሩ ከተወሳሰበ ማሽኑን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መመለስ ነውር አይደለም።

ድምፁ የማይሰማበት ቦታ የት ነው?

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 1፣ የተስተካከለው ማሽን እንደገና ቀረበ። አሁን በቀኝ በኩል ድምፅ አለ፤ ደካማ ነው፣ አንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ሳይሆን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የተዘረጋ። ብሊስ የፈቀደው የቀኙን ወገን መፈተሽ ብቻ ነበር። ድምፁ የተጠበቀው አካባቢ ስለመጣ እንደ ማረጋገጫ ተወሰደ።

ማንኛውም ማሽኑን የለመደ ፈላጊ እዚህ ጋ ይቆማል። ትንሽና ቅርብ የሆነ ነገር አጭርና ጠርዙ የታወቀ ድምፅ ይሰጣል፤ ኮይሉ ሲደርስ ይጀምራል፣ ሲያልፍ ይቆማል። የተዘረጋ ደካማ ድምፅ ሁለት ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ትልቅ ብረት በጥልቀት፣ ብዙ ትንንሽ ብረት በአንድነት፣ ወይም የመሬቱ የራሱ ድምፅ። አንድ የጠፋ ጥይት ከእነዚህ ጋር በቀላሉ አይገጥምም።

ለመለየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ኮይሉ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፦ ትንሽና ቅርብ ከሆነ ድምፁ ቶሎ ይጠፋል፣ ትልቅ ከሆነ ግን እየሳሳም ቢሆን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ፈላጊው ሩብ ዙር ዞሮ በሌላ አቅጣጫ ያወዛውዝ። የተጣመመ ምስማር ከአንድ አቅጣጫ እንደ ጥሩ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኽና ሲዞሩበት ወደ ብረታ ብረት (ምስማርና የመሳሰለው ተራ ብረት) ጉርምርምታ ይወርዳል፤ ሳንቲም ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም አቅጣጫ ተመሳሳይ ነው። ሦስተኛውና በብዛት የሚዘለለው፣ ድምፁ የሚያበቃበትን ድንበር በአራቱም ማዕዘን መፈለግ ነው። ድምፅ ያለበት ቦታ ትርጉም የሚያገኘው ድምፅ ከሌለበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር ነው። በዋሽንግተን ያ ንጽጽር አልተፈቀደም። ግራው ቢፈተሽና ያው የተዘረጋ ድምፅ እዚያም ቢገኝ ኖሮ፣ ማሽኑ የሚያወራው ስለ ጥይቱ ሳይሆን ስለ አካባቢው መሆኑ በዚያው ይታወቅ ነበር።

ከፈረስ ፀጉር ፍራሹ ሥር

ቤል ጥርጣሬው አልለቀቀውም። ከአልጋው አካባቢ ብረት ሁሉ መነሣቱን በማጣራት ላይ ሳለ፣ ፕሬዚዳንቱ ከተኙበት የፈረስ ፀጉር ፍራሽ ሥር ሌላ፣ ከብረት ሽቦ የተሠራ ፍራሽ እንዳለ ሰማ። በዘመኑ ገና ያልተለመደ ነገር ስለነበር አልጠበቀውም። ተመሳሳይ ፍራሽ አስመጥቶ ተመለከተው፤ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የብረት ሽቦ መረብ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሲተረክ በአጭሩ «ፍራሹ አሳሳተው» ይባላል። ቤል ራሱ የጻፈው ግን ጠንቃቃ ነው፦ ድምፅ የተሰማበት ቦታ ከአልጋው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለነበር፣ ፍራሹ ጉዳት አላደረሰም ብሎ መገመት ምክንያታዊ መስሎታል። ስለዚህ የድምፁ ምንጭ ፍራሹ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። የሚቻለው ይህን ማለት ነው፦ ሽቦ መኖሩ የታወቀው ከፍተሻው በኋላ ነው፤ ከፍተሻው በፊት ቢታወቅ የሚደረገውም ግልጽ ነበር። በፕሬዚዳንቱ ቁመትና ውፍረት ያለ ጤነኛ ሰው እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ኮይሉ በቀኝም በግራም ይሄድበታል፤ የሚሰማው ሁሉ ይመዘገባል። ያ የአልጋው ድምፅ ነው። ቁስለኛው ላይ የሚፈለገው ከዚያ የተለየ ድምፅ ነው።

ለሜዳ ሠራተኛ አልጋው መሬቱ ነው። ማዕድን የበዛበት ቀይ አፈር፣ የተቃጠለ ጡብ ስባሪ፣ ጨዋማ እርጥበት፣ ሁሉም የራሳቸው ድምፅ አላቸው። ግራውንድ ባላንስ የሚባለው ሥራ ይህን ድምፅ ለማሽኑ ማስተዋወቅ ነው። ባዶ መሬት ተፈልጎ ኮይሉ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርድና ይወጣል፤ ሲወርድም ሲወጣም ድምፁ አንድ እስኪሆን ይደጋገማል። ሲወርድ የሚጮኽ ከሆነ ወይም ሲወጣ የሚጮኽ ከሆነ አልተመጣጠነም። ቦታው ባዶ ካልሆነ ማሽኑ ብረቱን እንደ አፈር ቆጥሮ ይለምደዋል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጥልቀት ያጣል። ግራውንድ ባላንስ ከተደረገ በኋላም ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳይቆፍሩ እየተራመዱ የቦታውን ወሬ መስማት ያስፈልጋል፤ እዚህ መሬት ዝም ሲል እንዴት ነው፣ ሲያጉረመርምስ?

አስከሬኑ የተናገረው

ጋርፊልድ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1881 ኤልበሮን፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ አረፉ። በአስከሬን ምርመራው ጥይቱ በቀኝ አሥራ አንደኛውን የጎድን አጥንት ሰብሮ፣ በመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ አጥንት ውስጥ አልፎ፣ ከአከርካሪው በስተግራ ሁለት ኢንች ተኩል ያህል ርቆ፣ ከቆሽት በታች ተቀምጦ ተገኘ። ዙሪያውን ሰውነታቸው በሽፋን ከልሎት ነበር። የገደላቸው ጥይቱ ሳይሆን ባልጸዳ እጅና መሣሪያ የገባው መመረዝ መሆኑን ዛሬ አብዛኞቹ ሐኪሞች ይስማሙበታል።

ታዲያ ግራው ቢፈተሽ ይገኝ ነበር? እንደዚያ ማለት ያስቸግራል። ጥይቱ በጥልቀት ተቀብሯል። የሚፈለገው ነገር ከኮይሉ ርቆ ሲሄድ የሚመለሰው ምልክት በጣም በፍጥነት ይወድቃል፤ ከኮይሉ ስፋት አንጻር በራቀ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64 እጥፍ ያህል ይዳከማል። በዚያ ላይ ጥይቱ የተሠራበት እርሳስ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 12 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። የብረት ሽቦ በአንጻሩ በመግነጢስነቱ ጮክ ብሎ ይሰማል። ጥልቅ እርሳስ ከብረት መረብ በላይ፤ ከዚህ የከፋ ኢላማ ማሰብ ይከብዳል።

ትዕግሥቱ ያመጣ የነበረው እንግዲህ ጥይቱን አልነበረም። «እዚህ አለ» የሚለው መልስ «እኛ በምንሰማበት ርቀት ውስጥ አልተገኘም» ወደሚል መልስ ይለወጥ ነበር። ማሽኑ የሚሰማበትን ወሰን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ መልስ በልበ ሙሉነት የሚሰጠው።

ወሰኑ እስኪታወቅ

ያንን ወሰን ማወቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እኛ ለመደበኛ ማሽን ከ40 እስከ 50 ሰዓት የሜዳ ሥራ ሳይሞላ ስለ ማሽኑ ክፉም ደግም መናገር ችኮላ ነው እንላለን። ለረቀቁትና ብዙ ሴቲንግ ላላቸው እጥፉ ቢሆን አያስገርምም። ሰዓቱ ግን የሚቆጠረው በትክክል ከዋለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት በፋብሪካ ሴቲንግ፣ ሴንሲቲቪቲው ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ማጣሪያው ጠፍቶ ወይም በዝቅተኛው ሆኖ ይሁን። ብረታ ብረቱ ሁሉ ይሰማል፤ ያሰለቻል፤ ጆሮ የሚሠለጥነው ግን በእርሱ ነው። ድምፁ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ ይቆፈር፤ ቆሻሻ ቢመስልም ይቆፈር። ከመቆፈሩ በፊት ግምት ይጻፍ፣ ከተቆፈረ በኋላ እውነቱ። በማስታወሻው ላይ አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ቁጥር 21–23፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ይደግማል፣ ድምፁ ጠርዙ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ግምት ሳንቲም፤ የወጣው በ12 ሴንቲ ሜትር የተጣጠፈ አሉሚኒየም።» ያች «ጠርዙ ላይ ይንኮሻኮሻል» የምትለው ቃል ከቁጥሩ ትበልጣለች። እንዲህ ያለ መስመር መቶ ሲሞላ፣ መመሪያ መጽሐፉ የማይነግረው የማሽኑ አመል በራሱ ይወጣል።

አወዛወዙ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ኮይሉ ከመሬት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያው ከፍታ ይሂድ። አብዛኛው ጀማሪ ጫፎቹ ላይ እንደ ዥዋዥዌ ያነሣዋል፤ እዚያ ጋ ጥልቀቱ ግማሽ ይሆናል። ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል የሚሆን ስፋት በሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ብረታ ብረት በበዛበት ከዚህም ቀስ ይባል፤ ማሽኑ ከአንዱ ድምፅ ተላቆ ሌላውን እስኪሰማ ቅጽበት ያስፈልገዋልና። ቀጣዩ ውዝዋዜ የቀደመውን በግማሽ ኮይል ይደርብ። የጆሮ ማዳመጫም ይደረግ፤ ጥልቅ የሆነው ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሹክሹክታ ነው፣ በነፋስ ውስጥ በማሽኑ ድምፅ ማጉያ አይሰማም።

ሴንሲቲቪቲን እስከ ጣሪያው ማድረስ ከስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ጥልቀት የሚጨምር ይመስላል፤ በአብዛኛው ግን የሚጨምረው ልፍለፋውን ነው፣ ሹክሹክታውም በልፍለፋው ይዋጣል። ማሽኑ ኮይሉ ቆሞ ዝም የሚልበት ከፍተኛው ደረጃ ተፈልጎ ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል።

ቤል ከሽንፈቱ በኋላ ማሽኑን አልጣለውም። በዚያው ኦገስት 15 ቀን ወንድ ልጁ ተወልዶ በዚያው ዕለት ሞቶበታል፤ ሥራውን ግን ቀጠለ። በ1882 በሞንትሪያል ለሳይንስ ጉባኤ ያቀረበው ዘገባ የሙከራዎቹን ሂደት ከነስህተታቸው፣ ኮንደንሰሩንም ፍራሹንም ጨምሮ ይዘረዝራል። ከዚህ ሥራ ሌላ መሣሪያም ወጣ። ቀጭን መርፌ ከስልክ ማዳመጫ በአንደኛው ሽቦ ይያያዛል፤ ሌላው ሽቦ ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ብረት ጋር ይገናኛል። ባትሪ አያስፈልገውም። መርፌው ሥጋ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል፤ ጫፉ እርሳሱን ሲነካ ማዳመጫው ቀጭ ይላል፤ ሳብ አድርገው ደግመው ሲነኩት፣ ደግሞ ቀጭ።